ባሌ የጠለፈው ጎርፍ

ባሌ አውቶቡስ ሲሳፈር የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ሰላም ይላል። ከቆቦ ሮቢት በሚኒባስ ሲመላለስ የኖረ መምህር ነው፤ እዚያ ሰው ወደተቀመጠበት ገብቶ ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ይባላል። እንግሊዝ አገር በደረሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ፣ በዚያ ጥርት ባለ የክፍል እንግሊዝኛው «እንደምን አደራችሁ» አለ። ሹፌሩ ቀና ብሎ አየው። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ኋላ ወንበር ሥር የተኛ ውሻ ብቻ ጭራውን ቆላ። እኔ አፍሬ ኮቱን ጎትቼ አስቀመጥሁት።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም። ዝም በል ብቻ።»

ያችን ንግግሬን እስከዛሬ ሳስባት ትቆጨኛለች።

እኔ ነርስ ነኝ። ከእሱ ስምንት ወር ቀድሜ ነው የመጣሁት፤ የምሠራው በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እኔ ከመነሣቴ በፊት፣ እሱ ተከትሎኝ እንዲመጣ ቆቦ እናቴ ቤት ቁጭ ብለን የተስማማነው ነገር ነበር። «አንድ ዓመት እሞክራለሁ» ብሎኝ ነበር። «ከሆነልኝ ሆነ፤ ካልሆነልኝ ግን እመለሳለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።» እኔ ደግሞ የምመለስበት መንገድ አልነበረኝም፤ የእናቴ መድኃኒትና የእህቶቼ ትምህርት በእኔ ደመወዝ ላይ ነበር። ስለዚህ ያ ዓመት ለእሱ መሞከሪያ፣ ለእኔ ግን ፈተና ነበር። ባሌን አገር ማስለመድ ነበረብኝ፤ ካልቻልሁ ብቻዬን ልቀር ነው።

ዘዴዬ ቅዳሜ ነበር። ሳምንቱን እሱ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያሽግ፣ እኔ አረጋውያን ሳገላብጥ እንከርምና ቅዳሜ ሲደርስ ምሳችንን በፕላስቲክ ዕቃ ቋጥረን እንወጣለን። የት እንደምንሄድ የምወስነው እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ግማሹ የፈረሰ የጥንት ግንብ ለማየት ሄድን። ትኬት ቆርጠን ገባን። ባሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግንቡን ሁለት ጊዜ ዞረውና «ማን አፈረሰው?» አለኝ። በድሮ ጊዜ ጦርነት መሆኑን ከሰሌዳው ላይ አነበብሁለት። «የፈረሰ ለማየትማ አገራችን ምን አነሰን» አለና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ምሳችንን በላን። ዳቦው ደርቆ ነበር።

ሌላ ቅዳሜ ባሕር ዳርቻ ሄድን። ሰዉ በዚያ ብርድ ራቁቱን ተዘርግቶ ፀሐይ ይለምናል። እኛ እስከ ጆሮአችን ተጠቅልለን የተጠበሰ ድንች ገዛን። ባሌ አንዷን አንስቶ ወደ አፉ ሲያደርስ አንድ ነጭ የባሕር ወፍ መጥቶ ከጣቱ ላይ መነተፈው። ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ሳምንቴ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ያቺ ሌባ ወፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ብትመጣ ደስ ባለኝ ነበር።

በከተማችን ዳር የሚያልፍ፣ ጀልባ የሚሄድበት ቦይም አለ። እዚያ ስንንሸራሸር ባሌ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ዝም ብለው ይተላለፉና ውሻ ሲያዩ ግን ቆመው ስሙን ይጠይቃሉ፣ ዕድሜውን ይጠይቃሉ፣ ጤናውን ይጠይቃሉ።

«ውሻ እንግዛ እንዴ?» አለኝ።

«ለሰላምታ ብለን?»

«ታዲያ ለሌላ ለምን?»

እየቀለደ መስሎኝ አየሁት። አልሳቀም።

ማታ ማታ ለአባቱ ይደውላል። አባቱ የሚያርሱት ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ሰዉ ደህና ነው ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ ማሽላው ያዘ ወይ፣ ደመናው ወዴት ዞረ። በዚያች ሩብ ሰዓት ትከሻው ቀና ይላል። ስልኩን ሲዘጋ ግድግዳውን ያያል። እኔ ሳህን የማጥብ እየመሰልሁ ጀርባውን አያለሁ፤ ፈራሁ። አጠገቤ ተቀምጦ እየሄደብኝ ነበር።

እንግዲህ መሬቷን ያገኘናት በዚህ መሐል ነው። የከተማው አስተዳደር ለነዋሪው አትክልት እንዲተክል በኪራይ የሚሸነሽነው ሜዳ አለ፤ ከኮረብታው ግርጌ፣ ከመንገድ በታች። ለእኛ የደረሰችን የሁለት አልጋ ስፋት ብትሆን ነው። ባሌ ገና ሲያያት ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ አሸውና አሸተተው። ከዚያ ቀን በኋላ ከመጋዘን ሲመለስ ቤት አይገባም፤ እዚያ ነው። ድንች ተከለ፣ ሽንኩርት ተከለ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ስፌት ውስጥ የቀሩ ሰባት የደጋሊት፣ የአገራችን የራያ ማሽላ ፍሬዎች አግኝቶ ዳር ዳሩን ዘራቸው። «እዚህ ብርድ ዘለላ አታወጣም፤ አውቃለሁ» አለኝ። «አገዳዋን ልየው ብዬ ነው።»

ከእኛ ቀጥሎ ያለው መሬት የአንዲት አሮጊት ነበር። ባሏ ሞቶባታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የምትተክለው ዳሊያ የሚሏቸውን ትልልቅ አበቦች ብቻ ነው። ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ያለችው እሷ ናት። ነሐሴ ላይ ሰማዩ ለሳምንታት ሲደርቅና በጎማ ውኃ ማጠጣት ሲከለከል፣ ከቧንቧው እየቀዳ በባልዲ የሚያመላልስላት እሱ ሆነ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የአበቦቹን ስም ትነግረዋለች። የሚመጣው ሳምንት የከተማው የአበባ ውድድር እንደሆነ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ አብረው ይወዳደሩ እንደነበር ነገረችው። እሱም ማታ ለአባቱ «እዚህ አንዲት እናት አግኝቻለሁ» ሲል ሰማሁት። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ነበር የቀረው። አልሃምዱሊላህ፣ ይቀርልኛል አልሁ።

ያን ቅዳሜ ወደ ጎረቤት ከተማ ገበያ እየሄድን ነበር። ባሌ በአውቶቡሱ መስኮት ወደ ኋላ ዞሮ አየና ፊቱ ተለወጠ። ከከተማችን በላይ ኮረብታው ጠቁሯል፤ እኛ ያለንበት ግን ፀሐይ ነው።

«ውረጂ» አለኝ።

«ምን ሆንህ?»

«ላይ እየዘነበ ነው። ጎርፍ ይመጣል።»

ራያ ላልኖረ ሰው ይህን ማስረዳት ይቸግራል። እኛ ቆላ ነን፤ ዝናብ ይጠፋብናል። ማሽላችንን የሚያበቅለው ተራራ ላይ የዘነበው ነው። እኛ ፀሐይ ላይ እያለን ጎርፉ ደለሉን ይዞ እያጓራ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቀድሞ የሰማው ሰው ይጣራል፣ ወንዱ ሁሉ አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ ውኃውን ጠልፈው ወደ ማሳ ያስገቡታል። ያመለጠ ጎርፍ ያመለጠ ዓመት ነው። ጎርፍ እየመጣ በአውቶቡስ ገበያ የሚሄድ የራያ ሰው የለም።

ወረድን። ሮጠን ስንደርስ ውኃው ከላይ ካለው አስፋልት ሞልቶ በአትክልቱ ሜዳ መተላለፊያ ቡናማ ሆኖ እየወረደ ነው። ባሌ አካፋውን በሜዳው ዳር ካለችው የዕቃ ማስቀመጫ ጣውላ ቤት አወጣና እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ጎርፍ! ጎርፍ!» እያለ ሁለት ጊዜ ተጣራ። በአማርኛ ነው የተጣራው። ማንም አልወጣም። ከሜዳው ባሻገር ያሉት ቤቶች መስኮታቸውን ዘግተዋል።

ስለዚህ ለሁለት ያዝነው። ሐሜት እንዳይመስል የራሴንም ልናገር፤ ጫማዬን ያወለቅሁት፣ ሣር ያለበትን አፈር እየፈነቀልሁ ያቀበልሁት እኔ ነኝ። መተላለፊያውን በአካፋ ቆረጠው፣ እኔ በታች በኩል ከተርሁት፣ ውኃው ቆም አለና ዞረ።

«ለማን እንልቀቀው?» አልሁት።

«ለእሷ ነዋ።»

አባቱ ጎርፍ ሲጠልፉ መጀመሪያ የሚለቁት የሚቆፍርላት ሰው ለሌላት ሴት ማሳ ነው። ልጅ ሆኖ ያየው ይህንን ነው። ውኃው በአጥሯ ሥር አልፎ ሲገባ፣ ባሌ አካፋውን ተደግፎ አየው። እንግሊዝ ከገባ እንዲያ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቼው አላውቅም። ቤት ገብተን ጭቃችንን ታጥበን በአንድ ትሪ ጥግብ ብለን በላን። «ነገ ስታየው» እያለ ነው የተኛው።

በማግሥቱ ስንሄድ አሮጊቷ ቀድማን ደርሳ ከመሬቷ ዳር ቆማ አገኘናት። አበቦቹ ተኝተዋል። ግማሾቹ ከነቁጥቋጧቸው ደለል ውስጥ ተቀብረው ጫፋቸው ብቻ ይታያል። በኩሬው ላይ የመኪና ዘይት ያብለጨልጫል። እኛ ለመጪው ዓመት እንጀራ የምንለው ያ ጥቁር ደለል፣ ለእሷ ስድስት ቀን የቀረውን ውድድር የቀበረ ጭቃ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ባሌም ገባው። አካፋ የላጠው እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

«ውኃ አመጣሁልሽ ብዬ ነው» አላት።

«ምንም አይደለም» አለች። «ደግ አስበህ ነው።» ፈገግ አለች። በሩን ከፍታ ስትወጣ ግን መቀርቀሪያው ለእጇ አልታዘዝ ብሎ ሦስት ጊዜ ሞከረችው።

ከአትክልተኞቹ ኮሚቴ ደብዳቤ መጣ። መተላለፊያው ተቆርጧል፣ ይጠገን የሚል ነው። ባሌ በግማሽ ቀን ከቀድሞው አሳምሮ ሠራው። ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ እናመሰግናለን፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል።

«ምኑ ተዘጋ?» አለኝ ባሌ። «ሽማግሌ መላክ አለብን።»

እኛ ዘንድ በዳይ ብቻውን አይሄድም። አበጋሮች፣ ማለት አስታራቂ ሽማግሎቻችን፣ ይዘውት ይሄዳሉ፤ እሱ እርጥብ ሣር ይዞ ከተበዳይ በር ላይ ይቆማል። አያንኳኳም። ተበዳዩ እስኪወጣ ይቆማል። ሲወጣ ይቆጣል፣ ይሰድባል፣ የሆነበትን ሁሉ ይናገራል፤ በዳይ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ተናግሮ ሲበርድለት ነው እርቅ የሚባለው።

እናም ሦስት ሽማግሌ ፍለጋ ቁጭ ብለን የምናውቀውን ሰው ቆጠርን። የሥራ ኃላፊዬ? ከመጣሁ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተቀያይሯል። የመስጊዱ ኢማም? በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ሄደን ጁሙዓ የሰገድን ጊዜ ከሩቅ አይተነዋል፤ እሱ እኛን አያውቀንም። ከባሌ ጋር ካርቶን ያሽግ የነበረ አንድ ሱዳናዊ ነበር፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። የሱቋ ልጅ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር። ሲጣራ ሲጣራ፣ በዚያ አገር ለሽማግሌነት የሚበቃ የምናውቀው ሰው ያቺው የበደልናት ሴት ብቻ ሆና ቀረች። ባሌ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን የወፏ ጊዜ ሳቅ አልነበረም።

ብቻችንን ሄድን። እሱ ከመሬታችን ዳር የነቀለውን ሣር ይዞ፣ እኔ ከጎኑ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በሯ ላይ ቆምን። የፊት ለፊት ጎረቤት መጋረጃ ገለጥ ብሎ ተዘጋ። አንድ ሰውዬ መንገድ ጠፍቷችሁ ነው ወይ አለን። ካፊያ ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል ሲሆነን በሩ ተከፈተ።

«ደወሉ አይሠራም እንዴ?» አለች።

ባሌ ሌት ተቀን ያጠናውን ተናገረ፤ በድዬሻለሁ፣ ሳልጠይቅሽ መሬትሽ ገብቻለሁ፣ የፈለግሽውን ተናገሪኝ። አሮጊቷ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አየች። «ምንም አይደለም፤ አልፏል» አለች። ሣሩን ስጦታ መስሏት አመስግና ተቀበለችው። ዣንጥላ አበደረችንና ዘጋች።

በመንገድ ላይ «አልተቆጣችኝም» አለኝ።

«ይቅር ብላሃለች እኮ።»

«ሳትቆጣ እንዴት ይቅር ትላለች? ቂሙን የት አደረገችው?»

ዣንጥላውን በማግሥቱ ስንመልስ ከደጁ ደገፍ አድርገነው ነው የመጣነው። እሷም ወደ አትክልቱ መምጣት ተወች። በጉልበቷ ይሁን በእኛ አላወቅንም። ባሌ ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ ሲሳፈር ሰላም አላለም፤ እንደ አገሬው መስኮት መስኮቱን ማየት ለመደ። መጀመሪያ ዝም በል ያልሁት እኔ ነኝ፤ ዝምታው ሲመጣ ግን ጠላሁት።

ዓመቱ ሲሞላ ለአጨዳ እሄዳለሁ አለኝ። ሦስት ወር ብቻ። ሁለታችንም ሦስት ወር እንዳልሆነ እናውቃለን። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣውን አስገብቶ ተመለሰና ቆመብኝ።

«ተቀየምሽኝ?»

«ምንም አይደለም» አልሁት። ፈገግ አልሁ። «አብሽር፤ ቤተሰቡን ሰላም በልልኝ።»

ዐሥር ወር ሆነው።

ቅዳሜን መተው አልቻልሁም። ብቻዬን እሳፈራለሁ። ባሕሩም ጋ ሄድሁ፤ አንድ ሰው የሚበላውን ድንች ገዝቼ ለወፎቹ በተንሁት። ቦርሳዬን አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ፤ አውቶቡሱ ሲሞላ ሰው «ይቅርታ፣ ሰው አለው?» ይለኛል፣ «የለውም» ብዬ አነሳለሁ። ከሳምንቱ ሁሉ የሚከብደኝ ያች ናት። ከእሱ ጋር በየማታው እንነጋገራለን፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ፣ ዝናቡ፣ ብርዱ። ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። እንግሊዞች ሆነን ቀረን።

ባለፈው ቅዳሜ መሬታችንን ላርም ወጣሁ። የማሽላዎቹ አገዳ ደርቆ እንደቆመ ነው፤ አልነቀልሁትም። ቀና ስል አሮጊቷ በከዘራ ቆማለች። ጉልበቷን በቀዶ ጥገና ቀይረውላታል። ከመሬቷ ላይ ሣሩ ደረት ደርሷል፤ በመሐሉ ሦስት ዳሊያዎች፣ ከደለሉ ሥር ተርፈው፣ ከእሷ ቁመት በላይ ወጥተዋል። የቀሩት በስብሰዋል።

«ባልሽስ?» አለችኝ።

«አገሩ ገባ።»

«በአትክልቱ ምክንያት?»

«ምንም አይደለም፤ በሱ እንኳ አይደለም» ማለት ስጀምር አንገቷ ቀላ።

«አለቀስሁ እኮ» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ አለቀስሁ። እነዚያን ሥሮች ባሌ በየበልጉ በእጁ ይተክላቸው ነበር፤ ሲሞት የቀሩኝ እነሱ ነበሩ። ባልሽን ማን ንካልኝ አለው? ቤቴ እኮ ሃምሳ እርምጃ ነው፤ መጥቶ አይጠይቀኝም?»

«ቆዪ» አልኋት። እጄ ጭቃ ነበር፤ በቀሚሴ ጠርጌ በቪዲዮ ደወልሁለት።

ባሌ ማሳ ላይ ነበር፤ አካፋ ይዟል፣ ፎጣ ትከሻው ላይ አለ። እዚያ የጎርፉ ወራት ነው። «ልትቆጣህ ነው» አልሁት። ስልኩን አዙሬ ስሰጣት ፎጣውን ከትከሻው አወረደ፣ አካፋውን መሬት አስቀመጠና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ተቆጣችው። ከዘራዋን እየነቀነቀች፣ ለእኔ ያለችውን ሁሉ፣ ያላለችውንም ጨምራ፣ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ተቆጣችው። «አዎ» ይላል፤ «አዎ፣ እናቴ።» ሲደክማት አፍንጫዋን ጠረገች። ስልኩን ወደ አበቦቹ አዙራ «ሦስቱ ወጥተዋል፤ እንዲህ ረጅም ሆነው አያውቁም» አለችው። «አሁን ይቅር ብዬሃለሁ።» ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ዳሊያዎቿ ሄደች።

«አልሃምዱሊላህ» አለ ባሌ። ዓይኑን በፎጣው ጠረገ።

«አንቺስ?» አለኝ።

«እኔ ምን?»

«ስትሸኚኝ ምንም አይደለም ብለሽኛል።»

ያችኑ ልደግማት ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር። በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የሰው ጥሪ ተሰማ፤ «ጎርፍ! ጎርፍ!» ከሥሩ ደግሞ ያ ከልጅነቴ የማውቀው ጉርምርምታ። የአባቱ ድምፅ በስሙ ይጣራል።

«መጣብህ» አልሁት። «ሂድ፣ ያመልጥሃል።»

ዞር ብሎም አላየው። አካፋው እንደተጋደመ ነው።

«ይለፍ» አለኝ። «በርሽ ላይ ቆሜያለሁ። ተቆጪኝ።»

«ጥለኸኝ ሄድህ» አልሁት። ከዚያም ብቻዬን የተሳፈርሁባቸውን ቅዳሜዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ እነግረው ጀመር።